የአቶ ልሳነወርቅ ሚኒባስ

ደብረ ሲና ውስጥ በአንድ ወቅት አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ሾፌር ነበሩ። በአሮጌ ሚኒባሳቸው ሕመምተኛና ምጥ የያዛት ሴት እየጫኑ፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥተው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ያደርሳሉ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ ግዛው የነዳጅ ቦቴ ይነዳል። አስካለ እዚያው ደብረ ሲና አዋላጅ ነርስ ናት። ትንሹ ጥላዬ ደግሞ ደብረ ብርሃን ውስጥ መካኒክ ነው።

የሚኒባሷ የጭስ ማውጫ ከጊዜ ብዛት በስብሶ ነበር። አቶ ልሳነወርቅ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ጠቅልለው፣ በሽቦ ጠፍረው ይነዳሉ። መኪናዋ ዳገት ላይ ታቃስታለች፤ ነዳጅ ትበላለች፤ የምትተፋው ጥቁር ጭስም መንገደኛውን ያስለዋል።

«አባባ፣» አለ ጥላዬ አንድ ቀን ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ፣ «ሞተር ጭሱን በደንብ ካላስወጣ ጉልበት አይኖረውም። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ቱቦው ከወለሉ ሥር ስለተቀደደ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። የሚገድለው ጋዝ ሽታ እንኳ የለውም። የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታም ቱቦውንም ሙሉ በሙሉ እንቀይረው።»

«እንቀይረዋለን ልጄ። ግን መኪናዋ ስትቆም የታመመውን ማን ይወስደዋል?»

የታመመ ሰው ደግሞ ጠፍቶ አያውቅም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲባል ክረምት ገባ።

በመጨረሻ ጥላዬ መጠበቁ ሰለቸው። ደህና ማርሚታ ከነቱቦው ገዛና፣ ባዶ ቦቴውን ይዞ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጅቡቲ ከሚወርደው ከግዛው ጋር ተሳፍሮ ከደብረ ብርሃን ተነሣ። በዚያው ጠዋት ዝናሽ የምትባል ሴት ምጥ ጠንቶባት፣ አቶ ልሳነወርቅ እሷንና አስካለን ጭነው ዳገቱን ጀምረው ነበር።

ጉሙ ከባድ፣ ብርዱም የሚያንዘፈዝፍ ስለነበር መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ጥቂት እንደሄዱ አስካለን ራሷን አመማት። ስታቃስት የቆየችው ዝናሽ ድንገት ዝም አለች። አስካለ ቀና ብላ ብታይ የአባቷ አንገት ዘንበል ብሏል፤ መኪናዋም ወደ ገደሉ እየሳበች ነው።

«አባባ! ያቁሟት!»

ጣርማ በር ላይ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው የመኪና ዋሻ አፍ ላይ ሲደርሱ፣ አቶ ልሳነወርቅ ፍሬኑን እንደምንም ረገጡና መሪው ላይ ተደፉ። አስካለ በሩን በረገደች። ጉልበቷ ከድቷታል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማውጣት አትችልም። መጀመሪያ ዝናሽን ጎትታ አወጣች። ከዚያ ለአባቷ ተመለሰች።

ግዛውና ጥላዬ በቦቴው ከዋሻው ብቅ ሲሉ፣ አባታቸው መንገድ ዳር ተጋድመው በጭንቅ ይተነፍሳሉ፤ ሚኒባሷም የፊት ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገብቶ አትንቀሳቀስም።

«ጋቢናው ከአንድ በላይ አያስተኛም፤» አለች አስካለ። «ዝናሽን እንውሰድ። ሁለት ነፍስ ናት።»

«አባታችን እኮ ናቸው፣ አስካለ!» አለ ግዛው።

«አውቃለሁ፤» አለችው። የዝናሽንም ትከሻ ይዛ ማንሣት ጀመረች።

ግዛው ከዚያ በላይ አልተከራከረም። ያንን ረጅም ቦቴ፣ ጉም በሸፈነው ገደል አፋፍ ላይ፣ የኋላ ጎማው ጠርዙን እየነካ አዞረው። ብዙ ሾፌር በጠራራ ፀሐይ የማይሞክረው ነገር ነው። ከዚያ ዝናሽንና አስካለን ይዞ፣ ወደ ኋላ ሳያይ ወደ ደብረ ብርሃን ነዳ።

ጥላዬ ከአባቱ ጋር ቀረ። ጃኬቱን አልብሶ፣ ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ የሚያልፍ መኪና ይጠብቅ ጀመር። አቶ ልሳነወርቅ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ሴትዮዋስ?»

«ደርሳለች፣ አባባ። በሰላም ደርሳለች።»

መድረሷን አላወቀም። እሳቸው ግን ፊታቸው ፈታ አለ። ሌላ መኪና ሲመጣ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር።

ዝናሽ ሴት ልጅ ወለደች፤ እናትም ልጅም ተረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ጥላዬ የበሰበሰውን ቱቦ ነቅሎ አዲሱን ገጠመ። ግዛው ለሙከራ ዳገቱን ሲወጣባት መኪናዋ አላቃሰተችም፤ ጭሷም ለዓይን አይታይም። ደስ ሊለው ሲገባ መንገድ ዳር አቁሞ አለቀሰ። እናታቸው ወይዘሮ በለጡ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስካለን ቀና ብለው ማየት አቅቷቸው ነበር።

የአርባቸው ዕለት፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ወይዘሮ በለጡ የመኪናዋን ቁልፍ ይዘው ልጆቻቸው መሐል ተቀመጡ።

«አባታችሁ ‹ከእኔ በኋላ መኪናዬን ለሰው ነፍስ የሚሳሳ ይያዛት› ይል ነበር። እስቲ ተናገሩ።»

«ነፍስ መርጬ አባቴን መንገድ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ፤» አለች አስካለ። «ሾፌር ቀጥሬ፣ ወላዶቹ ባሉበት ጤና ጣቢያ ላቁማት። ካልሆነ ያ ቀን ለምን ነበር?»

«ምርጫሽን ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ፤» አለ ግዛው። «ያንን ዳገት በጉም የሚነዳት ሰው ያስፈልጋታል። ቦቴውን ትቼ የአባባን ሥራ እይዛለሁ።»

ተራው የጥላዬ ሆነ። «የአባባም ነፍስ ነፍስ ነበረች። ብቻውን እንዳይሞት ያደረግኩት እኔ ነኝ። መኪናዋንም ሰው እንዳትገድል ያደረግኳት እኔ ነኝ። ከእጄ ከወጣች ማን ከሥሯ ገብቶ ያያታል?»

ወይዘሮ በለጡ ሦስቱንም በየተራ አዩ፤ አስካለንም ጭምር። እጃቸው ግን ቁልፉን ጨብጦ ቀረ።

እናንተ በእኚህ እናት ቦታ ብትሆኑ፣ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው ትላላችሁ?