ዳኛው ያልተቀመጠበት ቆዳ

አንድ ዳኛ ነበረ። «ሕጉ እያለ አውሬው ለምን ያልቃል?» ብለህ ስለጠየቅከኝ ነው ከዳኛ የምጀምርልህ። እስክጨርስ ግን አታቋርጠኝ፤ እናንተ የደን ጠባቂዎች ትዕግሥት የላችሁም።

ዳኛው በሚኖርበት አገር ሰው የሚያከብረውን እንግዳ በጉሬዛ ቆዳ ላይ ያስቀምጣል። በተለይ ሁለቱ ቤተሰብ በሚገናኝበት የቅልቅል ቀን፣ ለሙሽራዋ አባት ቆዳ ካልተነጠፈ ዘመድ ሁሉ ተናቅን ብሎ ያኮርፋል። ጉሬዛው እያለቀ ሲሄድ ሕግ ወጣ። የገደለ ይታሰር፣ የሸጠ ይታሰር ተባለ። ስለገዛና ስለተቀመጠበት ሰው ግን ሕጉ አንድ ቃል አልተናገረም። ዳኛው ጉቦ የማያውቅ ሰው ነበርና የተያዘውን ሁሉ ወህኒ አወረደ። ምን ዋጋ አለው፤ ቆዳው ሲጠፋ ይብስ ተወደደ፣ ሲወደድ ይብስ ክብር ሆነ። አንዱ አዳኝ ሲታሰር ሌላው ጫካ ይገባል።

ይህ ዳኛ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳላት አንዲት ልጅ ነበረችው። ዳራት። በቅልቅሉ ቀን የሙሽራው አባት በሬ ሸጦ የገዛውን አዲስ የጉሬዛ ቆዳ አንጥፎ ጠበቀው። ዳኛው ገብቶ አየውና ቆመ። እምቢ ቢል ልጁ በገባችበት ቤት ዕድሜዋን ሙሉ «አባትሽ የናቀን» ስትባል ልትኖር ነው። ጥቂት አሰበና ቆዳውን አልፎ ጉዝጓዙ ላይ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

የሙሽራው አባት ፊቱ ጠቆረ።

«ምነው ጌታው፣ ናቁን እንዴ?»

«አልናቅኳችሁም። ያቺ እጅ የምታስታጥበው ሴት ባሏን ያሰርኩባት ናት። እሷ እያየችኝ እዚህ ላይ ብቀመጥ፣ ባሏን ያሰርኩት ቆዳውን ለራሴ ፈልጌ ይመስላታል። ቢመስላትም እውነቷን ነው።»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። የሙሽራው አባት እሷን አየ፣ ዳኛውን አየ። ከዚያ ቆዳውን በገዛ እጁ ጠቅልሎ ወደ ጓዳ ወረወረና መጥቶ ሣሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለቱም ከአንድ ትሪ በሉ። ሙሽራዋ ያን ጊዜ ነው የተነፈሰችው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ቆዳ ማንጠፍ አሳፋሪ ሆነ። በአንድ ቀን ግን አይደለም፤ እስከ ዛሬ በሣጥን ደብቆ የያዘም አለ። ያ አዳኝ፣ የሴትዮዋ ባል፣ ከወህኒ ሲወጣ የደበቃቸውን ሁለት ቆዳዎች ይዞ ገበያ ለገበያ ቢዞር ዋጋ የሚጠይቀው አጣ። ተናዶ ቀፎ ሰቀለ። ማሩም ደህና ነው ይላሉ።

አየህ ልጄ፣ ሕጉ ከንቱ ነው አላልኩህም። ሕጉ ባይኖር ዳኛው የሚያፍርበት ነገር ባልኖረው ነበር። ግን ሕግ እጅ ነው የሚይዘው፤ ሰው በዓይኑ ያከበረውን ነገር አንዱ እጅ ቢያዝ ሌላ እጅ ያመጣዋል። አዳኙ ጫካ የሚገባው ድግስ ቤት ላለው መቀመጫ ብሎ ነው። እናንተም አዳኝ ስትይዙ ጎበዞች ናችሁ፣ በርቱ። ነገር ግን ባለፈው ቢሯችሁ ስመጣ ከአዳኝ የወረሳችሁት የነብር ቆዳ ከአለቃህ ወንበር በላይ ተሰቅሎ አየሁ። እንግዳ ሁሉ ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። አንተም ተነሥተሃል፤ እናትህ ደስ ብሏት አሳይታኛለች።

ሂድና አውርደው።