ኤሊዋ እንዳትጠፋ

አንድ ሰው ነበረ፤ ልጅ ያልወለደ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቤት ሊለውጥ የተነሳ።

ቆይ አስካለ፣ አትቁነጥነጪ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «እማሆይ፣ ልጄን ከክፉ ጠብቄ ነው የያዝኳት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከዓይኔ አትርቅም። ታዲያ ምን አጉድዬባት ነው እንዲህ እየመነመነች የምትሄደው?» ብለሽኛል። ሌላም ነግረሽኛል። መምህርነት እንድትማር ሩቅ አገር ያለ ኮሌጅ እንደተቀበላት፣ አንቺ ግን መንገዱንም ከተማውንም ፈርተሽ የትምህርት ወረቀቷንና መታወቂያዋን ሳጥን ውስጥ እንደቆለፍሽባት፣ ምዝገባውም ሊዘጋ ሦስት ቀን እንደቀረው። መልሱን በአጭሩ ብነግርሽ ተቆጥተሽ ትሄጃለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስሚልኝ።

ሰውየው ቆላ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ጫፍ፣ ግቢ ባለው የኪራይ ቤት ይኖር ነበር። ልብስ ሰፊ ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች እንስሳ አይታ የማታልፍ ሴት ነበረች፤ መንገድ ላይ የወደቀውን ሁሉ እያነሳች ግቢውን የኖኅ መርከብ አስመስላው ነበር። ስትሞት አንድ ያረጀ ውሻ፣ አንዲት ድመት፣ ሁለት ዶሮዎችና አንዲት ኤሊ ትታለት ሄደች። ከሁሉም አብልጣ የምትሳሳው ለኤሊዋ ነበር። ልጅ ሆና ከአባቷ ማሳ ያገኘቻት ናት፤ ሙሽራ ሆና ስትመጣም ይዛት መጥታለች። በመጨረሻው ሰዓት የባሏን እጅ ጨብጣ ሌላ ነገር አላለችም፤ «ኤሊዬን አደራ» ብቻ ነው ያለችው። እሱ ደግሞ አደራ በላ ከምባል ሞት ይሻለኛል የሚል ሰው ነበር።

ሚስቱ በሞተች በዓመቱ ኤሊዋ በአጥር ስር ሾልካ ሦስት ቀን ጠፍታበታለች። በሦስቱም ቀን እህል አልቀመሰም። ከጎረቤት ማሽላ ውስጥ ሲያገኛት መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ የአጥሩን ስር በድንጋይ ደፈነው፤ ፍርሃቱ ግን አልተደፈነለትም። ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚፈልገው እሷን ነው። መቀስ ይዞ ጨርቅ ሲቆርጥ እንኳ ዓይኑ ግቢው ላይ ነው፤ በዚህ የተነሳ ስንቱን እጅጌ አጣሞ ቆርጧል!

አንድ ቀን አከራዩ መጣና «ልጄን ልድር ነው፤ ቤቱን ልቀቅልኝ» አለው። አከራዩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቤቱም የራሱ ነው። የሰውየው እህት ደግሞ ከቆላው ወጣ ብላ፣ ወይና ደጋው ላይ፣ በጋሪ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ትኖር ነበርና «እኔ ጋ ባዶ ክፍል አለ፤ ና» ብላ ላከችበት። ሰውየው ለስፌት መኪናው አልተጨነቀም፤ ለአልጋውም አልተጨነቀም። «እንስሳቱን እንዴት አድርጌ ላድርሳቸው? ኤሊዋንስ?» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠይቅ ጀመር።

ጎረቤት መቼም ምክር አይሰስትም። አንዷ መጥታ «ድመቷን ጆንያ ውስጥ ክተትና ሦስት ጊዜ አሽከርክረህ ጫናት። መንገዱን ካየች ተመልሳ እዚሁ ናት። ውሻ ሰው ይወዳል፣ ድመት ቤት ትወዳለች» አለችው። ሌላው ስለ ዶሮዎቹ መከረው። ስለ ኤሊዋ ሲጠይቅ ግን አንድ ገበሬ ሳቀበት።

«ድንጋይ ልብሱ ምን ያስጨንቅሃል?» አለው። «እኛ ስናርስ ስናገኛት ገልብጠን በጀርባዋ እናስተኛታለን። ሥራችንን ጨርሰን ለልጆቹ ልንወስድላቸው ስንመለስ እዚያው ናት። የተገለበጠች ኤሊ የት ትሄዳለች?»

ውሸት አልነገረውም፤ የዚያ አገር ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ጥላ ስር መሆኑን፣ ለጥቂት ጊዜ መሆኑን ግን ገበሬው አልተናገረም፤ ሰውየውም አልጠየቀም። የፈራ ሰው የሚጠይቀው ደስ የሚለውን መልስ እስኪያገኝ ድረስ ብቻ ነው። እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

የጉዞው ቀን ማለዳ ጋሪው መጣ። ባለጋሪው ጥርሱ የረገፈ፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ዝግ ያለ ሽማግሌ ነበር። ዕቃው ተጫነ። ውሻው በገመድ ከጋሪው ኋላ ታሰረ፤ ዶሮዎቹ ቅርጫት ውስጥ ገቡ፤ ድመቷ በጆንያ ሆና ሦስት ጊዜ ስትሽከረከር መንደሩን በጩኸት አቀለጠችው። ኤሊዋን ማንም እንዲነካበት አልፈለገም። ራሱ ተሸክሞ አመጣት፣ የብረት ሳፋ ውስጥ በጀርባዋ አስተኛት፣ እንዳትናወጥ ዙሪያዋን በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቀጠቀላት። ከላይም የሚስቱን ነጠላ አለበሳት። አየሽ፣ ጨክኖባት አይደለም። ያ ሁሉ ጨርቅ የፍቅር ጨርቅ ነው።

የቆላ ፀሐይ መቼም ታውቂዋለሽ፤ ገና በሦስት ሰዓት መፋጀት ይጀምራል። ሰውየው ከጋሪው ጎን በእግሩ እየሄደ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ነው። ድመቷ ስትጮህ «ታፈነችብኝ!» ብሎ ጋሪውን ያስቆምና የጆንያውን አፍ ያላላላታል። ዶሮዎቹ ምንቃራቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ በጣሳ ውሃ ያቀርብላቸዋል። ውሻው ሲያነክስ መንገድ ላይ ቁጢጥ ብሎ እሾህ ይፈልግለታል።

«ኧረ ወንድሜ፣ እንዲህ እያልን ለመጪው ክረምትም አንደርስ!» ይለዋል ባለጋሪው።

በቆሙ ቁጥር ታዲያ የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ኤሊዋን ያያታል። መጀመሪያ ሲያያት አራት እግሯን እያወራጨች፣ አንገቷን አስረዝማ ራሷን ልትገለብጥ ትታገል ነበር። «ብትፈራገጪም አትወጪም» አለና ደስ ብሎት ሸፈናት። ሁለተኛ ሲያያት አንድ እግሯን ብቻ ቀስ አድርጋ ሳብ አደረገች። «ጎሽ፣ እየለመደችው ነው» አለ። ሦስተኛ ሲያያት ጭራሽ አልተንቀሳቀሰችም። «ተመስገን፣ ተኛችልኝ» አለ፤ ከማለዳ ጀምሮ ተወጥሮ የነበረው ትከሻውም ለመጀመሪያ ጊዜ ረገብ አለ። እንዲያውም ዞር ብሎ ድመቷን «አንቺስ ከእሷ አትማሪም?» ብሎ ተቆጣት።

ለጮኸችው ጋሪ አስቁሟል። ዝም ላለችው ግን ተመስገን ብሎ አለፈ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ወንዝ ደረሱ። ባለጋሪው ፈረሱን ፈትቶ ወደ ውሃው ለቀቀውና የጭነቱን ገመድ ሊያጠብቅ ዞር ዞር ሲል እጁ ሳፋውን ነካ። ብረቱ አቃጠለው። ምን ቢሆን ነው ብሎ ነጠላውን ገፈፈ።

«ሰውዬ፣ ይህቺን እንዲህ ያደረጋት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። እንዳትጠፋ ብዬ ነው።»

«አልጠፋችም» አለ ሽማግሌው። «እየሞተች ነው።»

ሰውየው ዘሎ መጣ። የኤሊዋ አንገት ጉልበት አጥቶ ወደ ጎን ወድቋል፤ አፏ አረፋ ደፍቋል፤ ዓይኗ ተከድኗል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ይህኛው ግን በራሱ እግር አልደረሰበትም፤ እሱው ጋሪ ላይ ጭኖ፣ ነጠላ አልብሶ ነው ያመጣው።

«ምን ላድርግ? እባክህ ንገረኝ፣ ምን ላድርግ?»

«መልሰህ ገልብጣት። እዚያ ጥላው ውስጥ፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ በእግሯ አቁማት። ከዚያ እጅህን አንሳና ራቅ በልላት። ሰው ካጠገቧ ካለ አንገቷን አታወጣም።»

«ልራቅ? እዚህ ዱር ውስጥ? ቢያንስ በገመድ ልሰራት።»

«መያዙንማ ከማለዳ ጀምሮ ይዘሃት የለም እንዴ?» አለው ሽማግሌው።

ሰውየው ዙሪያውን አየ። ግራ ቀኙ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው፤ አንዴ ከገባች መቶ ሰው ቢፈልጋት አትገኝም። ጥላው ውስጥ አቆማት፣ በእፍኙ ውሃ አፈሰሰባት፣ እጁ ግን ከላይዋ አልነሳ አለው። አስካለ፣ እዚህ ላይ አብረሽው ቁሚ፤ የዚህ ሰው ጭንቅ ሁሉ እዚህች ቦታ ላይ ነው። ቢይዛት ትሞታለች፤ ቢለቃት ትጠፋለች። አደራው በሁለቱም በኩል ሊያመልጠው ነው። ላቡ በጀርባው እየወረደ ቆየ። በመጨረሻ እጁን አነሳ። ተነስቶ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ፣ ዓይኑን ሳይነቅልባት፣ ከባለጋሪው አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

ምንም የለም። ፈረሱ ጠጥቶ ጠግቦ ሣር መጋጥ ጀመረ፤ አሁንም ምንም የለም። «ሞታለች» ይላል ሰውየው። «ዝም በል» ይላል ባለጋሪው። ሊነሳ ሲል ክንዱን ይዞ ያስቀምጠዋል። ፀሐይ ዘንበል እስክትል እንዲያ ሲባባሉ ቆዩ። ያን ጊዜ የአፍንጫዋ ጫፍ ብቅ አለ። ቆይታ አንገቷን አወጣች። ቆይታ በአንድ እግሯ መሬት ረገጠች። እየተንገዳገደች ወደ ውሃው ሄዳ አፏን ነከረችና ብዙ ጠጣች። ጠጥታ ስታበቃ ፊቷን አዞረች። ወደ እሱ ግን አልመጣችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ቁጥቋጦው መንገዷን ያዘች።

ሰውየው ተነሳ፤ ግን አልሮጠም። ሁለት ሦስት እርምጃ ከኋላዋ ሆኖ በእሷ አረማመድ ተከተላት። ቅጠል ስትቆረጥም ቆመ፤ ስትሄድ ሄደ። በልታ ስትጠግብ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ አነሳት፣ ጀርባዋን ወደ ሰማይ አድርጎ። ሳፋውን ባዶውን በጋሪው ላይ ትቶት እሷን በክንዱ ይዞ ዳገቱን በእግሩ ወጣው።

ያን ሁሉ መንገድ አልተኛችለትም። በጥፍሯ ትቧጥጠዋለች፣ በእግሯ ትገፋዋለች። ሲያቅተው ያወርዳትና ጥቂት ትራመዳለች፤ እሱም ይከተላታል። እጅጌው ተተለተለ፣ ክንዱ ደማ። በየጭረቱ «ተመስገን» ይል ነበር። መሽቶ እህቱ ቤት ሲደርሱ እህቱ ኩራዝ ይዛ በር ላይ ተቀብላ «ኧረ ክንድህን ምን በላው?» አለችው። ሰውየው ሊመልስላት ሲል ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣበት።

እንግዲህ አስካለ፣ ምን አጎደልኩባት ብለሽ ጠይቀሽኛል። ምንም አላጎደልሽባትም። ጨርቁን ጠቅጥቀሽላታል፣ ነጠላውንም አልብሰሻታል፤ ግን በጀርባዋ ነው ያስተኛሻት። እግር አላት፤ የምትረግጠው መሬት ግን የላትም። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለልብስ ብቻ ይመስልሻል?

ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣሽ ዕለት «ሌት ተቀን ታለቅሳለች» ብለሽ አብረሻት ስታለቅሺ ነበር። በሁለተኛው «አሁን ረገብ ብላለች፣ እየተቀበለችው ነው» አልሽኝ። ዛሬ ደግሞ ገና ከበር ሳትገቢ «ማልቀሱንስ ትታለች፣ ተመስገን» አልሽ። እኔ የደነገጥኩት ያን ጊዜ ነው።

«ብትጠፋብኝስ?» ትይኛለሽ። ልትጠፋብሽ ትችላለች፤ አልዋሽሽም። ለዚያም ሰው ወንዙ ዳር ማስተማመኛ የሰጠው አልነበረም። ነገር ግን ልጄ፣ የጠፋ ይፈለጋል፤ የሞተን ማን ይፈልገዋል? በይ ተነሺ። ሳጥኑን ክፈቺና ወረቀቷን ስጫት፤ ስንቋንም አንቺው ቋጥሪላት። መኪናው የሚነሳው ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው።