ለእንግዳ የማይቀርብ ወይን

አንድ ድንበሩ የሚባል የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር። ቤተ መንግሥት የሚገባውን ወይን ሁሉ የሚያቀርበው እሱ ነው። ባሕር ማዶ ያለውን ስመ ጥር ወይን እያስጫነ ኖሯል። አንድ ቀን ንጉሡ አስጠርተው፦

«ይሄ ያንተ ወይን ሰለቸን። ለልጃችን ሠርግ ምላሳችን የማያውቀውን ካላመጣህ፣ በራችንን ለሌላ ነጋዴ እንከፍታለን» አሉት።

ድንበሩ እንጀራው ሊሄድበት ነው። በቅሎውን ጭኖ ወደ ወደቡ ገሰገሰ። ቆላው ውስጥ ግን በቅሎዋ አነከሰችና ማንም ስሟን በማያነሳት መንደር አደረ። ያሳደሩት እመት ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ከሣጥናቸው የታሸገ ጠርሙስ አወጡለት።

«ለክብርህ ነው ልጄ፤ የባሕር ማዶ ነው» አሉ።

ድንበሩ ጠርሙሱን አወቀው፤ ራሱ የሸጠው ነው! ቀመሰ። በሙቀቱ ከርሞ ሆምጣጤ ሆኗል። ፊቱን ሳያጨማድድ እንደ ምንም ዋጠው። ይሄኔ ከጓዳ የጎረቤቶች ሳቅ ፈነዳ።

«እነሱ ምን እየጠጡ ነው እንዲህ የሚስቁት?»

«ተዋት፣ የእኛዋ ናት። ግራር ላይ እየተጠመጠመ ከሚወጣው ጥቁር ወይን ነው የምንጠምቃት። ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ነው።»

«ነውሩስ እንግዳን ሆምጣጤ መጋት ነው፣ እማማ!»

ጓዳው በሳቅ ተናጋ። አንዱ ጎረቤት ዋንጫ ይዞ ወጣና «በል እንግዲህ ጉድህን ቅመስ!» አለው። ድንበሩ ጠጣ። ጣዕሙ አፉ ላይ እንደ በሰለ ኮሽም ጀመረው፤ ጉሮሮው ጋ ሲደርስ ዝናብ የነካው አፈር አፈር ሸተተው። ሳያስበው ትከሻው እስክስታ ጀመረ።

«ይቺን ለንጉሡ እወስዳለሁ» ሲል ግን ሳቁ ቀጥ አለ።

«መንደራችንን መሳቂያ ልታደርግ?» አሉ እመት ደብሪቱ።

«ከሳቁ በእኔ ይሳቁ። በር የሚዘጋውም በእኔ ላይ ነው።»

ባልቴቷ ትንሽ አሰቡና ነጠላቸውን አጣፉ። «እንግዲያው አብሬህ እሄዳለሁ። ሲስቁባት ብቻዋን አልተዋትም።»

በሠርጉ ቀን የወይኑ አገር ሲነገር መኳንንቱ በጎን ተጠቃቀሱ። ንጉሡ ቀመሱ። ደገሙ። ከዚያ ዋንጫውን ገልብጠው ጨለጡና «ድገሙን!» አሉ።

አንድ ሽማግሌ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። «ጃንሆይ፣ በእኛ ሸለቆም እንደ ማር የሚሸት ነጭ አለ።»

«የእኛውስ ቀይ!» አለ ሌላው ብድግ ብሎ። «ገደል አፋፍ ላይ የሚበቅለው!»

«እኛ ጋ የሐይቁ ዳር ወይን አለ!» አዳራሹ ገበያ መሰለ።

ንጉሡ በሳቅ እንባቸው መጣ። «እስከ ዛሬ ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

መልሱን የሰጡት ከድንበሩ ጎን የቆሙት እመት ደብሪቱ ናቸው።

«እያንዳንዱ፣ በአገሬ ወይን ያፈርኩት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ነዋ፣ ጃንሆይ!»

በዚያ ዓመት ድንበሩ ወደቡን ረሳው። ከሸለቆ ሸለቆ እየዞረ መቅመስ ሆነ ሥራው፤ የቤተ መንግሥቱ በርም አልተዘጋበትም።

ወዳጄ፣ ስም የሌለው ነገር ሁሉ ጣዕም የሌለው አይደለም። አንዳንዱ ስም ያጣው ባለቤቱ ስላፈረበት ነው። አንዱ ደፍሮ ሲያወጣ የሌላውም አፍ ይፈታል። አንተስ፣ ለብቻህ እያጣጣምክ ለሰው ለማቅረብ ያፈርክበት ምን አለህ?