አራት ላንተ፣ አራት ለእኔ

በእኛ በኩል ሁለት ሰዎች «እኩል፣ እኩል» እያሉ ሲካረሩ አንድ ሽማግሌ መሀል ገብቶ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። ሰሚው ሁሉ ይስቅላታል እንጂ የማንን ጎተራ አራቁታ እንደመጣች አያውቅም። የሽባባውን ነው።

ሽባባው አንድ በሬ ነበረው፤ ጎረቤቱ ይርዳውም እንዲሁ አንድ። ሁለቱን በሬ አቀናጅተው በየተራ ለማረስ ተስማሙና፣ ኋላ እንዳይጣሉ አያ ውቤ በሚባሉ ሽማግሌ ፊት ውል ገቡ። ስንዴ ከመዘራቱ በፊት የሽባባው መሬት አራት ጊዜ፣ የይርዳውም አራት ጊዜ ይታረሳል፤ ከዚያ አይጨመር፣ አይጉደል። አያ ውቤ «መሬቱንስ አይታችሁታል?» ብለው ነበር፤ ማን ሰምቷቸው።

የሽባባው መሬት ከተረተሩ ላይ ያለ ስስ ቀይ አፈር ነው። የይርዳው ደግሞ ከታች ወንዙ ዳር፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ እግር የሚይዝ ጥቁር ዋልካ።

ሁለተኛው እርሻ ሲያልቅ የሽባባው አፈር ዱቄት ሆነ። ሚስቱ አንጓች ማሳው ዳር ቆማ አየችው። ከፋሲካ ጀምሮ ልጆቿን ድንች እያበላች ያተረፈችው አንድ ስልቻ የዘር ስንዴ ነበራት፤ ሌላ እህል ቤቷ ውስጥ የለም።

«አንተ፣ ይኼ መሬት በቃው። የአምናው ገለባ ከላዩ ሳለ ዝራበት፤ አፈሩን ይይዝልሃል።»

«እና ሁለት እርሻዬን ለይርዳው ልመርቅለት?»

«የይርዳው ነገር ምን አገባኝ? እኔ የምልህ ስለ አፈሩ ነው።»

«ሰውስ ምን ይላል? ሽባባው ሁለቴ ጫር ጫር አርጎ ዘራ ሊሉኝ? የሰነፍ ስም ለልጆቼ አላወርስም።»

አራቴ አረሰው። ገለባውንም ድንጋዩንም ለቅሞ አለሰለሰው፤ መንገደኛው ሁሉ «እጅህ ይባረክ» ሲለው ደስ አለው።

ዘሩ በገባ ማግሥት ይርዳው መጣ። «ወንድሜ፣ የእኔ መሬት ውሃ ይቋጥራል። ጥማዱን አንድ ቀን ጨምርልኝ፣ ቦይ ላውጣበት።»

«አራት ካልን አራት ነው» አለ ሽባባው። ይርዳው ቢለምነው፣ ቢለምነው አልሰማም። እውነቱን ለመናገር በሬው ደክሞ አልነበረም፤ እልህ ይዞት ነው።

ሐምሌ ሲጋመስ ከባድ ዝናብ ጣለ። ሽባባው ሲያባራ ቢወጣ ቀዩ አፈር ከነቡቃያው ተጠርጎ ድንጋዩ አግጥጧል። ቁልቁል ቢያይ የይርዳው ማሳ ኩሬ ሆኗል። አንጓችን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ማፈሩ ብቻ አይደለም፣ ፈራ፤ ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?

ይህም ሆኖ ሁለቱ አላረፉም። «ያንተ በሬ ለግሞ ነው»፣ «አንተ ቦይ ከልክለኸኝ ነው» እየተባባሉ አያ ውቤ ዘንድ ተካሰሱ። ሽማግሌው ተነሥተው ማሳዎቹን ዞሩ። ከላይ የተረፈውን ቀይ አፈር ቆንጥረው አሸት አደረጉት፤ ከታች እግራቸውን ከጥቁሩ ጭቃ በግድ ነቀሉ።

«ያኛው ሁለቴ ይበቃው ነበር፤ ይኼኛው አምስትም ያንሰዋል። እናንተ እንደ ጠላ እኩል ቀዳችሁላቸው።»

«በእኩል አይደለም እንዴ የተዋዋልነው? እርስዎም ምስክር ነበሩ» አለ ሽባባው።

አያ ውቤ በትራቸውን ተደግፈው መለሱለት፦ «ልጄ፣ በሬ ይቀናጃል፤ አፈር ግን አይቀናጅም።»