ማን መታህ?

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ።

የጦጣ ልጅ ቤት ውስጥ ሲሮጥ በርጩማ አደናቀፈውና ጉልበቱ ተላጠ። እናቱ ጩኸቱን ሰምታ እየበረረች መጣች።

"ማን መታህ፣ የኔ ጌታ?"

ልጁ በርጩማውን አሳያት። እናት ጦጣ ዱላ አንስታ በርጩማውን ትወቅጠው ጀመር። "እንካ! ሁለተኛ ልጄን ትነካና ዋ!"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም" አለ ጨዋው በርጩማ። እግሩ እስኪሰበር ተመታ።

"ድገሚው!" አለ ልጁ፣ እንባው ሳይደርቅ።

ከጥግ የቆመችው እንስራ አላስችል አላት። "ደሙ እየወረደ እኮ ነው! ውኃ ከእኔ ቅጂና መጀመሪያ ጉልበቱን እጠቢለት።"

"አሃ! ለልጄ ጠላት ጠበቃ ቆምሽ?" አለችና እናት ጦጣ እሷንም በዱላ አለቻት። እንስራዋ ተሰብራ ውኃው ወለሉን ሞላው። ልጁ በደስታ ሲዘል አዳለጠውና ሌላኛው ጉልበቱም ተላጠ።

በዚህ መሃል አባት ጦጣ ከውጭ ገባ። "ማን መታህ፣ ልጄ?"

ልጁ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። የቀረችው እናቱ ብቻ ስለነበረች ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ። ዱላው ገና ከእጇ አልወረደም ነበር።

እኔ ተረቴን ጨርሻለሁ፤ ጉልበቱ ግን እስካሁን አልታጠበም።