የደብሪቱ ዱካ

እስቲ አረፍ በሉና ስሙኝ፤ ነገሩ የቆየ ነው። ይህ የመጣችሁበት መንገድ ገና የበቅሎ መንገድ ሳለ፣ በዚህ መንደር ደብሪቱ የምትባል ወፍጮ ወቃሪ ነበረች። ባል አልነበራት፤ መሬት አልነበራት፤ አንዲት ፍየልና አንዲት መዶሻ ነበረቻት። ወፍጮ ለስልሶ እህል አልፈጭ ሲል ሴቶቹ ደብሪቱን ይጠራሉ። እሷም በመዶሻዋ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ትወቅረዋለች፤ ወፍጮው እንደ አዲስ ይሆናል።

ይኸው ፊታችሁ ያለው ንጣፍ ድንጋይ ያኔም እዚሁ ነበር። ባለ ሦስት ጣት ዱካ ተከታትሎ ይሄድበታል፤ በጎኑ ደግሞ ትል የተሳበበት የሚመስል መስመር አለ። የማን ዱካ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ደብሪቱ ሥራ ስትፈታ እሱን ስታይ ትውላለች። «ይህ ድንጋይ አንድ ጊዜ ጭቃ ነበር፤ አንዲት መንገደኛ አልፋበታለች» ትላለች። ሰው ይስቅባታል።

አንድ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ጎርፍ አፈረሰው። ሽማግሌዎቹ ንጣፉን ፈልጠን እንጥረብ አሉ፤ ቅርብ ነው፣ ለመፈለጥም አያስቸግርም። ደብሪቱ «እስከ ፋሲካ ታገሡኝ፤ ድንጋዩን እኔ አመጣለሁ» አለች። ከወንዙ ማዶ ፈለጠች፣ በሰው አህያ ጫነች። ደግሞ ፈለጠች፣ ደግሞ ጫነች። ለፋሲካ ቅጥሩ ቆመ። የቀኝ እጇ ጣቶች ግን ከዚያ ወዲያ ተዘርግተው አያውቁም።

ሌላ ዓመት ባላምባራስ ጓንጉል የሚባሉ ባለጸጋ መጡ። «ከዱካዎቹ አንዱን ቆርጠሽ አውጪልኝ፤ ደጄ ላይ አቆመዋለሁ። የምትታለብ ላም እሰጥሻለሁ» አሏት። በዚያ ዓመት ፍየሏ ሞታባት ጎመን ብቻ ነበር የምትበላው። እኔ ብሆን ላሟን እየነዳሁ ወደ ቤቴ ነበር፤ ምን እዋሻችኋለሁ። ደብሪቱ ላሟን አየች፤ ድንጋዩን አየች።

«ጌታዬ፣ አንዱን ባነሳው መንገደኛዋ ታነክሳለች» አለች።

ባላምባራስ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቆይተው ሳቁ፤ ላማቸውን ይዘው ተመለሱ። ወሬውን ግን በየሄዱበት አወሩት። ከጊዜ በኋላ ስለ ድንጋይ የተማረ አንድ ሰው ከሩቅ አገር ዱካዎቹን ሊያይ ይመጣል ተባለ።

መንደሩ ጠላ ጠመቀ፣ ደጁን ጠረገ። ደብሪቱ ደግሞ ወደ ንጣፉ ወረደች። የመጀመሪያዋ ዱካ ደብዝዛ ታየቻት። ለእንግዳ ደብዛዛ ነገር እንዴት ይቀርባል? መዶሻዋን አነሳችና እንደ ወፍጮ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ወቀረቻት። ጣቶቹ ጎላ ጎላ አሉ። ደስ አላት፣ የኔ ምስኪን።

እንግዳው በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። ተንበርክኮ ዱካዎቹን ከመጨረሻዋ ጀምሮ አንድ በአንድ አያቸው። የመጀመሪያዋ ጋ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ።

«ይቺን ማን ነካት?» አለ።

«ድሮም እንዲሁ ናት» አሉ ሽማግሌዎቹ ተሽቀዳድመው። ሰውየው ቅር ብሎት ከሄደ ሌላ እንግዳ አይመጣም ብለው ፈርተው ነበር።

ደብሪቱ አፈረች። አፍራም ዝም አላለችም። «እኔ ነኝ፣ ልጄ። ያረጀች መስሎኝ አደስኳት። ሌሎቹን አልነካሁም» አለችና አለቀሰች።

እንግዳው «እማማ፣ ውኃ ያምጡልኝ» አለ። በቅል አመጣችለት። በሌላዋ ደብዛዛ ዱካ ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰው። የጠዋት ፀሐይ በጎን ስታገኛት ጣቶቹ ቁልጭ ብለው ታዩ። መዶሻ አላስፈለገም።

«እውነቱን ባይነግሩኝ ኖሮ ሌሎቹንም አላምናቸውም ነበር» አላት።

ሰውየው ሄዶ ሌሎች ሰዎች ላከ፤ እነሱም ሌሎች። ቤት ሁሉ እንግዳ ማሳደር ጀመረ። ንጣፉን እንፍለጥ የሚል ጠፋ። ደብሪቱ መዶሻዋን ሰቅላ፣ ቅሏን ይዛ፣ እዚሁ ዳር ላይ ተቀምጣ አረጀች።

እናንተንም ጫማ አስወልቄ ቅል ያስያዝኳችሁ ለዚህ ነው። ውኃውን አፍስሱ፣ እዩ፣ በእጃችሁ ግን አትንኩ። በእጅ የምትነካው አንዲት ብቻ ናት፤ ያቺ የመዶሻ ጠባሳ ያለባት። «የደብሪቱ» እንላታለን። እዚህ የደረሰ ሁሉ መዳፉን ሳያሳርፍባት አይሄድም። ከመዳፍ ብዛት ጠባሳው እንደ አሮጌ ወፍጮ ለስልሷል፤ የሚወቅራት ግን የለም።