የአህዮች ማኅበር ገብስ ያዥ

አንድ ጊዜ፣ እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ከዋሸሁ ግን ጥርሴ እንደ በቆሎ ይፈልፈል፣ የአንድ አገር አህዮች ማኅበር አቋቋሙ። የሚጫኑት ጭነት ከመብዛቱ የተነሣ ከሩቅ ያያቸው ሰው ተራራው ተነሥቶ ገበያ የሚወርድ ይመስለው ነበር። መከሩና፣ እያንዳንዱ ከራቱ ላይ ጭብጥ ጭብጥ ገብስ አዋጥቶ በአንድ ዋሻ እንዲከማች፣ ጀርባው የተገጠበና ያነከሰ ሁሉ እዚያ ገብቶ እየበላ እንዲያገግም ተስማሙ።

«ገብሱን ማን ይያዝ?» ሲባል፣ አፏ ጣፋጭ ነው ብለው ጸሐፊ ያደረጓት እሜቴ ቀበሮ ብድግ አለች።

«ከእናንተ መሃል ገብስ የማይወድ አለ?»

«የለም!»

«እንግዲያው የማይበላውን እንሹም። አያ ጅቦ በዕድሜው አንዲት ፍሬ ቀምሶ አያውቅም!»

አህዮቹ በደስታ አናፉ፤ ጩኸታቸው ሦስት ወንዝ ተሻግሮ ሙሽራ ከጫጉላዋ አስደነበረ። አያ ጅቦም የዋሻውን በር ተረከበ።

ክረምቱ አልፎ በጋ መጣ። ወደ ዋሻው የገባ በሽተኛ ብዙ ነው፤ የወጣ ግን የለም። ቀበሮ በየስብሰባው፣ «ድሎት ይዟቸው ነው፤ ወደ ጭነት መመለሱን ጠልተው ነው» ትላለች። አህዮቹም በጆሯቸው ያጨበጭባሉ።

ታላቅ እህቷ እዚያው ገብታ የቀረችባት ዳልቺት የምትባል አህያ ነበረች። አንድ ቀን የእሷም ጀርባ ተገጠበ።

«ተራሽ ደረሰ፤ ግቢ» አለቻት ቀበሮ በዋሻው ደጅ በተደረገው ስብሰባ ፊት።

«ሳላይማ አልገባም! በሩ ይከፈትና ሁላችንም እንይ።»

«የማኅበር ገመና አደባባይ ይወጣል እንዴ? አንቺን የላኩሽ ጫኞቹ ናቸው!»

«የላከኝስ ጀርባዬ ነው! ገብሱ ከአፌ የተነጠቀ፣ ማኅበሩም የራሴ፤ የሰው ቤት ፈትሹልኝ አላልኩ!»

«ዝም በይ፣ አንቺ አህያ!»

«ስድብ መሰለሽ? ነኝ እኮ!» አለችና ዞራ በሩን በርግጫ ከነመቃኑ ጣለችው።

ገብሱ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። የነካው የለም።

«አያችሁ? አንዲት ፍሬ ጎድላለች?» ብላ ቀበሮ ፎከረች። አህዮቹ አፍረው ጆሯቸውን ጣሉ። ዳልቺት ግን ዋሻውን ዙሪያውን ቃኘችና፣ «ገብሱስ ይኸው አለ። በሊዎቹስ? እህቴስ የታለች?» አለች።

ከዚያ አንዱ አህያ ፊቱን አዞረ፤ ሌላውም ተከተለ፤ የኋላ እግር ሁሉ ወደ ዋሻው ተደገነ። ቀበሮ ከገብሱ ክምር አጠገብ የቆመውን ጅቦን ዝም እንዲል ብትጠቅሰው፣ ብትጠቅሰው፣ አልገባውም። በስርቆት የታማ መስሎት ተቆጣና እንደ ከበሮ የተወጠረ ሆዱን መታ መታ እያደረገ፣

«ምን ጎደለ ነው የምትሉት? ገብሱም አልጎደለ፤ አባላቱም አንድ ሳይጎድል ሁሉም እዚህ ናቸው!» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ማኅበሩ የኛ ነው ብለን በሩን በርግጫም ቢሆን አስከፍተን ካላየን፣ የሾምነው ጠባቂ ገብሳችንን ሳይነካ እኛኑ ሊጨርሰን እንደሚችል ነው።